የምት ቁልፍ ሥልጠና፦ በጋራ የምናስገባው ዕቅድ ላይ ውይይት (ባሕር ዳር)

ሰብሳቢው፣ ጥር 2
ረቂቁ ይኸውና። የተነሣንበት ዓላማ አንድ ነው። 20 የምት ቁልፎችን፣ ማለትም በሩ ቁልፍ ውስጥ ገብተው ሲመቱ የሚከፍቱትን፣ በራሳችን እጅ እንሠራለን፣ የማኅበራችን 12 አባላት በሁለት ቅዳሜ ይለማመዱባቸዋል፣ ከዚያም በአንድ የገበያ ቀን ነዋሪው የበሩ ቁልፍ በምት ይከፈት እንደሆነ በዓይኑ እንዲያይ እናደርጋለን። ወጪው፦ ያልተቀረጹ ቁልፎች 2,400፣ መለማመጃ ሲሊንደሮች 7,200፣ ሞረዶች 1,900፣ የቦታ ኪራይ 2,000፤ ድምሩ 13,500 ብር። ግማሹ ከካዝናችን ይወጣል፣ ግማሹን ከክፍለ ከተማው እንጠይቃለን። ጥር 20 መግባት አለበት።

የፋሲሎው ቀራጭ፣ ጥር 2
ቁልፎቹ ከምን እንደሚሠሩ ሳይጻፍ ረቂቁን አልደግፍም። በሰኔ አንድ አባላችን የሰው በር ሲሞክር የተሰበረው የምት ቁልፍ የናስ ነበር። ቁራጩ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ዛሬ በማጉያ መነጽር አየሁት። የተሰበረው በሁለተኛውና በሦስተኛው ጥርስ መካከል ነው። የስብራቱ ፊት ግማሹ ጠቁሯል፣ ግማሹ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። የጠቆረው ቀድሞ የተሰነጠቀው ነው። ስለዚህ ቁልፉ በዚያ በር ላይ በአንድ ምት አልተሰበረም፤ ከብዙ ቀን በፊት ተሰንጥቆ ነበር፣ ያየው ግን የለም። ጉድጓዱ በሦስት ማዕዘን ሞረድ እንደ ቢላ ስለት ሹል ተደርጎ ተቆርጧል። ስንጥቅ የሚነሣው ከእንዲህ ያለ ማዕዘን ነው። በክብ ሞረድ ትንሽ ለዘብ ቢደረግ ኖሮ ማኅበሩ ለበር 3,800 ብር አይከፍልም ነበር።

የዓባይ ማዶው፣ ጥር 2
የሰበርኩት እኔ መሆኔን ሁሉም ያውቃል፤ በየስብሰባው መነሣት የለበትም። መፍትሔም አለኝ። አጎቴ መሮ ሲሠራ አግሎ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፣ ድንጋይ ይሆናል። የናሱንም ቁልፍ እንደዚያው እናድርገው።

ጡረተኛው፣ ጥር 3
ልጄ፣ እንዳታደርገው። በጣሊያን የጦር ካሣ በተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቶርኖ ክፍል ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ ናስን እጄ ያውቀዋል። የአጎትህ መሮ አረብ ብረት ነው። ውስጡ ካርቦን ስላለ ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ናስ ግን ሲግል ይለሰልሳል፤ በውኃ ቀዘቀዘ በአየር ለውጥ የለውም። ናስ የሚጠነክረው በቀዝቃዛው ሲቀጠቀጥ ነው፣ ሲበዛበት ደግሞ ይሰነጠቃል። ቁልፉን አግለህ ብትመታበት እንደ ሰም ይታጠፍልሃል።

የፖሊው (የፖሊ ቴክኒኩ) መምህር፣ ጥር 3
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። ኒኬል የተጨመረበት ነጭ ናስ እንግዛ። መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ነው፣ ስሙ በሌላ አገር ብር ቢባልም ብር የለበትም። ከተራው ናስ ይጠነክራል፣ በሞረድም ይታዘዛል።

አዲስ አባላት ስላሉ ሥራውንም ልግለጽ። ሊኑስ ዬል ልጁ እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1865 ፓተንት ያወጣበት የፒን ቁልፍ ዛሬም በየበራችን ያለው ነው። እያንዳንዱ ፒን ለሁለት የተከፈለ ነው፣ ከላይ ሞላ ይጫነዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ መለያያው ከሲሊንደሩ ጠርዝ ጋር እኩል ይሆናል። ከረንቡላ የተጫወተ ሰው ምቱን ይረዳዋል፤ አንዱ ኳስ ሌላውን ሲመታ መቺው ይቆማል፣ ተመቺው ይሄዳል። የምት ቁልፍም የታችኛውን ፒን ይመታል፣ የላይኛው ለቅጽበት ይዘላል፣ በዚያች ቅጽበት ሲሊንደሩ ይዞራል። ጥርሱ ሁሉ እስከ መጨረሻው ጥልቀት ስለሚወርድ 999 የሚል ስምም አለው፤ 9 የጥልቀቱ መጨረሻ ቁጥር ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ሰፊው ሕዝብ የሰማው ግን የሆላንድ የቁልፍ ወዳጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ በይፋ ከጻፈበት ወዲህ ነው። እነርሱም የጻፉት ሰው ደካማ ቁልፉን እንዲለውጥ ነው። የእኛም ዓላማ ይኸው ስለሆነ በረቂቁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይግባ።

የሽምብጡ በያጅ፣ ጥር 3
ሁሉም ቁልፍ እኩል እንዲሞረድ በሞርሳው መንጋጋ ላይ የሚገጠም መያዣ እሠራለሁ። ገንዘብ አልጠይቅም። ናሙና ላኩልኝ።

የፋሲሎው ቀራጭ፣ ጥር 3
ከመርካቶ ያስመጣኋቸው 8 ነጭ ናስ ቁልፎች አሉ። ነገ በባጃጅ ይደርሱሃል።

ጸሐፊዋ፣ ጥር 4
አንድ ነገር ቀርቷል። ሃያው ቁልፍ ከሥልጠና በኋላ የት ያድራል? በአንድ ሰው ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ሊሆን አይችልም። እንደ ዕድር ገንዘብ ሦስት ጓጉንቸር ያለው የብረት ሳጥን ይግባ፤ ሦስት ሰው ካልተገኘ አይከፈትም።

ገንዘብ ያዡ፣ ጥር 4
እስማማለሁ። አንዱን ሰብሳቢው፣ አንዱን እኔ እይዛለሁ። ሦስተኛውስ?

ጸሐፊዋ፣ ጥር 4
ጸሐፊ ነኝ፤ እኔ ነኛ። ይህ ጥያቄ ነው?

የዓባይ ማዶው፣ ጥር 4
ሦስተኛው ከተራ አባላት ይሁን። አመራሩ ሦስቱንም ከያዘ እኛ ለመለማመድ ደጅ ልንጠና ነው።

ገንዘብ ያዡ፣ ጥር 4
ተራ አባል ሲባል ማን? በሰኔ የተደረገው የተደረገው ቁልፉ በተራ አባል እጅ ስለነበረ አይደለም? የራስ ያልሆነ፣ በሥራ ላይ ያለም ቁልፍ አይነካም ብለን ተፈራርመን አልነበረም?

የዓባይ ማዶው፣ ጥር 4
የቤቱ ባለቤት ራሳቸው ለምነውኝ፣ ቆመው እያዩ ነው የሞከርኩት! ሌባ ለማለት ከሆነ በግልጽ ይባል። የዚያን በር ዋጋ ሩቡን ከኪሴ ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ አንተው ጋ ነው።

የፋሲሎው ቀራጭ፣ ጥር 4
ቢለምኑህም በሥራ ላይ ያለ ቁልፍ ነበር። ምት ፒኑን ያጎድጉዳል፣ ሞላውን ያደክማል፤ ቢከፈት እንኳ በማግስቱ የራሳቸው ቁልፍ ሊቸገር ይችላል። ደንቡ የተጻፈው ለዚህ ነው። ሌባ ያለህ ግን የለም።

የግሽ ዓባዩ ባለሱቅ፣ ጥር 5
ሁላችሁም ትልቁን ነገር ረስታችኋል። ሳጥኑ ላይ የሚሆነው ጓጉንቸር ምን ዓይነት ነው? ገበያ ላይ የሞላው የፒን ነው። ውስጥ ያሉት ቁልፎች ደግሞ ያንኑ የፒን ጓጉንቸር የሚከፍቱ ናቸው። አንድ ሰው አንዷን ቁልፍ ሳይመልስ ከቀረ ሦስቱም ጓጉንቸር ሊከፈትለት ይችላል። ሦስት ሰው መያዙ ትርጉም የለውም።

ጸሐፊዋ፣ ጥር 5
ይህ እውነት ነው። ያለዚህ መፍትሔ ረቂቁ ላይ አልፈርምም።

የፖሊው መምህር፣ ጥር 5
የዲስክ ጓጉንቸር ይገዛ። እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ ከፊንላንድ የመጣ አሠራር ነው። ውስጡ ተደርድረው የሚዞሩ ዲስኮች እንጂ በሞላ የሚገፋ ፒን የለውም፤ የሚዘል ነገር ስለሌለ ምት አይሠራበትም። ቁልፉ ግማሽ ክብ ስለሆነ በዓይን ይለያል።

የግሽ ዓባዩ ባለሱቅ፣ ጥር 5
አለኝ፤ አንዱ 1,700። ለማኅበሩ ብዬ አልቀንስም፣ የገባበት ዋጋ ነው።

ገንዘብ ያዡ፣ ጥር 5
5,100 ብር ለጓጉንቸር! የምንጠብቃቸው ቁልፎች 2,400 ያወጣሉ።

ጸሐፊዋ፣ ጥር 5
የሚጠበቀው 2,400 ብር አይደለም፣ ስማችን ነው። በዚህ ከተማ ቁልፍ ቀራጭ በር ላይ ሲቆም ጎረቤት ከመስኮት ያያል። ከእኛ አንዷ ቁልፍ ጠፍታ የሰው ቤት ቢከፈትባት ማን ልጁን ለቁልፍ ሥራ ይልካል? አባቴ የዕድራችን ጸሐፊ ነበሩ። ቁልፋቸውን ከአንገታቸው አውርደው አያውቁም፤ ሲታመሙ በሽማግሌ ፊት ነው ያስረከቡት። እኔም በዚያው ነው የምይዘው።

የዓባይ ማዶው፣ ጥር 6
እንግዲያው ያዙት። ከሥልጠናው ስሜ ይውጣ።

ጡረተኛው፣ ጥር 6
ስምህ አይወጣም። ልጆች፣ ቁጣው ይብረድ። በፋብሪካው መለኪያ መሣሪያ የምናወጣው በመዝገብ ነበር፣ ሰዓትና ፊርማ ያለበት። ማንም ተጠርጣሪ አይደለም፣ ሁሉም ግን ይፈርማል። ጓጉንቸሩ ሁለት ይሁን፣ መዝገቡ ሦስተኛው ነው። አንተም መዝገቡን ያዝ፤ የተሳሳተ ሰው መዝገብ ሲይዝ ይጠነቀቃል።

የዓባይ ማዶው፣ ጥር 6
ጋሼ ካሉ መዝገቡን እይዛለሁ።

ጸሐፊዋ፣ ጥር 6
መዝገብ ይኑር፣ ጓጉንቸሩ ግን ሦስት ነው። አልለወጥም።

ሰብሳቢው፣ ጥር 8
ሦስት ይሁን፤ ሦስተኛውን ጸሐፊዋ ትይዛለች። ሳጥኑን የሽምብጡ ወንድማችን ይበይደዋል። መጠኑን ስጡን።

የሽምብጡ በያጅ፣ ጥር 8
ከ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ 40 በ30 በ20 ሴንቲ ሜትር። ማጠፊያው በውስጥ በኩል ይሁን፣ በውጭ ከሆነ ዘንጉን መንቀል ነው። የላሜራና የኤሌክትሮድ 4,000 ይበቃል።

የግሽ ዓባዩ ባለሱቅ፣ ጥር 8
ካሊፐሩስ (መለኪያው) የት ይቀመጣል? ሳጥኑ ከፍ ይበል።

የፋሲሎው ቀራጭ፣ ጥር 9
ሞርሳውም ይግባበት። በየሥልጠናው ከሱቄ ተሸክሜ ልወጣ አልችልም።

ገንዘብ ያዡ፣ ጥር 9
ደረሰኞቹና ማኅተሙም እኔ ቤት ከሚያድሩ እዚያ ይሁኑ። አንድ ሜትር ይሁን፣ መደርደሪያ ይኑረው።

ሰብሳቢው፣ ጥር 10
ነገ ጥምቀት ነው። ከበዓሉ በኋላ እንቀጥል። መያዣውና የሳጥኑ ዋጋ እስከ ጥር 14 ይድረሰን።

ሰብሳቢው፣ ጥር 16
ከሽምብጥ ምንም አልመጣም። የቦታ ኪራዩንም ልንሸፍን ስላልቻልን ሥልጠናው በጋሼ ግቢ ይሁን ብለዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለገበያ ቀኑ ማሳያ ፈቃድና ደብዳቤ ስለሚያስፈልግ፣ እስከ ጥር 20 ስለማይደርስም፣ ለጊዜው አውጥቼዋለሁ። በምትኩ መምህሩ አንድ ሲሊንደር በጎኑ ቆርጦ ፒኑ እየታየ ያስረዳል። የተስተካከለው ይኸው፦ መደርደሪያ ያለው የብረት ሳጥን 8,500፣ ሦስት የዲስክ ጓጉንቸሮች 5,100፣ ስድስት ነጭ ናስ ቁልፎች 2,100፣ አራት ሲሊንደሮች 2,400፣ ሞረዶች 1,900። ድምሩ 20,000 ብር።

የፋሲሎው ቀራጭ፣ ጥር 16
ሃያ ቁልፍ ስድስት ሆነ፣ ሳጥኑ ግን ከሁሉም በለጠ። የጀመርነው ቁልፍ ልንሠራ ነበር! ለነዋሪው የምናሳየው ነገር እንዴት ይወጣል? እኔ በየቀኑ ደካማ ቁልፍ ይዞ የሚመጣ ሰው አያለሁ። ቁልፉን ቀርጬ እሰጠዋለሁ፣ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ግን አያምነኝም። ያ ሰው በዓይኑ ካላየ አይለውጥም።

ጸሐፊዋ፣ ጥር 16
ማሳያው በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይገባል። ሳጥን የሌለው ማኅበር ማሳያ አያደርግም።

የፖሊው መምህር፣ ጥር 17
ሲሊንደሩን ለመቁረጥ ቶርኖ ያስፈልገኛል። ወርክሾፑ እስከ ወሩ መጨረሻ ተይዟል።

ጡረተኛው፣ ጥር 17
በሞረድም ይቆረጣል። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ። አምጣልኝ፣ እኔ እሞርደዋለሁ።

ገንዘብ ያዡ፣ ጥር 18
20,000 ከሆነ ግማሹ 10,000 ነው፤ ካዝናው ውስጥ 8,200 አለ። ወይ መዋጮ 150 ብር በነፍስ ወከፍ ይጨመር፣ ወይ ሳጥኑ ያለ መደርደሪያ ይሁን።

የግሽ ዓባዩ ባለሱቅ፣ ጥር 18
መዋጮ አልጨምርም። ጓጉንቸሩን ግን እስከ ፋሲካ በዱቤ እሰጣለሁ።

የዓባይ ማዶው፣ ጥር 18
መዝገቡን ገዝቻለሁ፣ መስመሩንም አስምሬ ጨርሻለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የምጽፈው ቁልፍ ግን የለም።

የፋሲሎው ቀራጭ፣ ጥር 19
ስድስቱን ዛሬ ማታ ልጀምር። ጥርሱን በክብ ሞረድ እጨርሰዋለሁ፣ ከመመታቱ በፊትና በኋላ እያንዳንዱ በማጉያ ይታያል፣ ስንጥቅ የታየበት ወዲያው ለሁለት ይቆረጣል። ይህ ዓረፍተ ነገር በረቂቁ ይግባልኝ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅም። ስምንቱን ነጭ ናስ ግን መልሱልኝ።

ሰብሳቢው፣ ጥር 19
ዓረፍተ ነገሩ ገብቷል። ቁልፎቹ ከሽምብጡ ወንድማችን ጋር ናቸው፤ ከጥምቀት ወዲህ ስልኩን አያነሣም። መንገዱ በዚያ በኩል የሆነ ሰው ነገ ጠዋት ሱቁን ይይልን።