ከተፋታን ወዲህ ልጄ አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ፤ አባቱ ጋ መሄዱን ላስቀረው?

ጥያቄ (የከዚራዋ)፦ ሰላም ድሬዎች። ከባሌ ጋር በፍርድ ቤት ከተፋታን ወራት አልፈዋል። ልጃችን ሰባት ዓመቱ ነው። ከኔ ጋር ከዚራ ይኖራል፣ ቅዳሜና እሁድ ሳቢያን አባቱ ጋ ያድራል። ድሮ የተወውን አልጋ ላይ መሽናት እንደ አዲስ ጀመረው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሆዴን ይላል፣ ቁርስ አይበላም፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ ያለቅሳል። ከአባቱ ሲመለስ ነው የሚብስበት። እናቴ "ሁለተኛ እንዳትሰጪው" ትለኛለች። ምን ላድርግ?

ነርስ ነኝ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ትቶት የነበረ ልጅ ድጋሚ ሲጀምር የሽንት ኢንፌክሽን ወይ የሆድ ድርቀት ሊሆን ይችላል። በጣም ከጠማው፣ ቶሎ ቶሎ ከሸና፣ ከከሳ ደግሞ የስኳር ምርመራው ለነገ አይባልም። ምርመራው ደህና ከሆነ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። በዚህ ዕድሜ ልጅ "ጨንቆኛል" አይልሽም፣ ሆዴን ነው የሚልሽ፣ ሲልሽ ደግሞ እየዋሸ አይደለም፣ የምር ያመዋል። አትቆጪው፣ በሰው ፊት አታንሺበት። ውሃ እንዳትከለክዪው፣ በድሬ ሙቀት! ቀን ጠግቦ ይጠጣ፣ ማታ ሻይና ኮካ ይቅርበት፣ ሸንቶ ይተኛ።

የመጋላ ልጅ፦ እኔ በእማማ ምክር አልስማማም። የኔም ወላጆች ልጅ እያለሁ ነው የተፋቱት። ከፍቺው ይልቅ የጎዳኝ መልእክተኛ መሆኔ ነው፤ "አባትህን ቀለብ ላክ በለው"፣ "እናትህን አልሰጥም ብሏል በላት"፣ አንዱን ስወድ ሌላውን የከዳሁ ይመስለኝ ነበር። ሲመለስ የሚብስበት እዚያ ክፉ ነገር ስላለ ብቻ ላይሆን ይችላል። በር ላይ ስትረካከቡት የምትባባሉትን አስቢው አቦ። የሚመታው ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጠበቃው፦ የሚመታው ካለ ቶሎ ለፖሊስ አመልክቺ። ከዚያ ውጪ በራስሽ እንዳታስቀሪው። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በአንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን ልጁ ማን ጋ እንደሚኖር፣ ቀለቡንና ሌላው ወላጅ የሚጠይቅበትን ሁኔታ አብሮ ይወስናል። ውሳኔሽን አውጥተሽ አንብቢው፤ ይቀየር የምትዪ ከሆነ በአቤቱታ ነው።

የከዚራዋ፦ አመሰግናለሁ። ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። አባቱ ግን ስልኬን አያነሳም፣ እንዴት ልንገረው?

ነርስ ነኝ፦ አጭር መልእክት ላኪለት። "ልጁ አልጋ ላይ መሽናት ጀምሯል፣ ላስመረምረው ነው፣ አንተም እንዳትቆጣው" በቃ። የቀለቡን ነገር እዚያው ላይ እንዳትጨምሪ።