ነጭ የደም ሴሉ ወረደ፣ የዘሩ ቅርጽ ግን ያው ነው

34 ዓመቴ ነው። ከተጋባን 3 ዓመት ሆነን፤ ልጅ ግን እስካሁን አላገኘንም። የባለቤቴ ምርመራ ደህና ነው። በእኔ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ያለው የዘር ሴል ቁጥር በሚሊ ሊትር 21 ሚሊዮን ስለሆነ በቂ ነው ተባለ። ጤናማ ቅርጽ ያለው ግን 2 በመቶ ብቻ ነው፤ ቢያንስ 4 መሆን ነበረበት። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ነጭ የደም ሴል ደግሞ በሚሊ ሊትር 3 ሚሊዮን ወጣ። ከ1 ሚሊዮን ካለፈ የብግነት ምልክት ነው አሉኝ።

ካልቸር (ባክቴሪያ መኖሩንና ዓይነቱን ለማወቅ ናሙናውን የማሳደግ ምርመራ) ሳይሠራልኝ ዶክሲሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ለ14 ቀን ታዘዘልኝ። አንድም ቀን ሳላቋርጥ ጨረስኩት። ከሳምንት በኋላ ስመረመር ነጭ የደም ሴሉ ወደ 1.5 ሚሊዮን ወርዷል፤ ቅርጹ ግን ያው 2 በመቶ። አሁን ሌላ አንቲባዮቲክ ታዟል። ዘር ተሠርቶ ለመውጣት ወደ 3 ወር ይፈጃል ሲባል ሰምቼ፣ ቸኩዬ ይሆን የተመረመርኩት እያልኩ ነው። ባለቤቴ ተደብቃ ስታለቅስ ማየት በጣም ከብዶኛል።

በዚህ ያለፋችሁ ወይም የሙያው ሰዎች፣ አዲሱን መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት ካልቸር እንዲሠራልኝ ሐኪሜን ልጠይቅ?