የኤጀንቴ ማስታወሻ ውስጥ አማርኛ መፈለግ አቃተኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ጓዶች፣ ሁለት ቀን ሙሉ እዚህ ላይ ተገትሬያለሁ። ለግሌ የሠራሁት የኤአይ ኤጀንት አለኝ፤ የነገርኩትን ሁሉ በማርክዳውን (ተራ ጽሑፍ) ፋይል እየጻፈ ያስቀምጣል። መፈለጊያውን በኤስኪውላይት ዳታቤዝ የጽሑፍ መፈለጊያ፣ በኤፍቲኤስ5 ሠራሁለት። እንግሊዝኛው ላይ ምንም አይልም፣ አማርኛው ግን ጉድ አፈላ።

«ኪራይ» ስለው ባዶ ይመልሳል። ፋይሉን ስከፍተው «የኪራዩን ብር በ5 ክፈል» የሚል ቁጭ ብሏል! ከፊት «የ» መጣ፣ ከኋላ ደግሞ «ይ» ራሷ «ዩ» ሆናለች፣ ስለዚህ በከፊል ቃል መፈለግም አልሠራም። ጽሑፉን በሦስት ሦስት ፊደል እየቆራረጠ የሚፈልገውን ትራይግራም ሞከርኩ፤ እሱ ከ3 ፊደል በታች አያገኝም፣ «ቤት» ደግሞ ሁለት ፊደል ናት። የ«ሀ» እና «ሐ»ን ጣጣ እንኳ ወደ አንድ ቀይሬ ገላግዬዋለሁ።

ትናንት ማታ ሁሉንም ፊደል ወደ ሳድስ ለወጥኩት። «ኪራይ» ተገኘ፣ ደስ አለኝ፣ ከዚያ «ሰላም» ብዬ ስፈልግ «እስልምና»ን ይዞልኝ መጣ፤ ሁለቱም ውስጥ «ስልም» ስላለ ነው።

አሁን ምን ላድርግ? ቅጥያ የሚቆርጥ ነገር ልጻፍ ወይስ በኢምቤዲንግ (ቃሉን ወደ ቁጥር ቀይሮ በትርጉም የሚፈልግ ዘዴ) ልሞክር? ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው፣ ማስታወሻዎቹም የግል ስለሆኑ ወደ ውጭ ሰርቨር አልልክም። አማርኛ በደንብ የሚገባው ትንሽ ሞዴል የሞከረ አለ?