የ2007 ካምሪ ባለ 2.4 ሞተር ልገዛ ነው፤ ምን ልፈትሽ? ጥገናዋስ ምን ያህል ይከብዳል?

አዲስ ገዢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቶዮታ ካምሪ አግኝቻለሁ፣ በፈረንጅ የ2007 ሞዴል፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር። ኦቶማቲክ ናት። 210 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ቀለሟ ንጹህ ነው፣ ውስጧም አልተጎሳቆለም፣ ባለቤቱም ዘይቷን ገና በቅርቡ እንደቀየረ ነግሮኛል። አንዱ ወዳጄ “ካምሪ አይደለች እንዴ? ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ” ይለኛል። ሌላው ደግሞ ያ ሞተር ዘይት ይበላል ብሎ ሐሳቤን ሁለት ቦታ ከፈለው። ያጠራቀምኩትን በሙሉ ነው የማወጣው፤ ከገዛሁ በኋላ ለትልቅ ጥገና የሚተርፈኝ ነገር የለም። በብዛት የሚበላሽባት ምንድነው? የትኛው በቀላሉ ይሠራል፣ የትኛው ነው ኪስ የሚያራቁተው?

ካንዴላ፦
ወንድሜ፣ ሁለተኛውን ወዳጅህን ስማው። ሞተሩ 2ኤዜድ-ኤፍኢ ይባላል። ከ2007 እስከ 2009 ባሉት ካምሪዎች ላይ ዘይት የመብላት ችግሩ የታወቀ ነው፤ ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ብሎ ዋስትናውን አራዝሞ ፒስተንና ፋሻ (ፒስተኑን የሚከቡት የብረት ቀለበቶች) ሲቀይር ነበር። ነገሩ ያለው ፒስተኑ ላይ ነው። ከሲሊንደሩ ግድግዳ ዘይት የሚጠርገው የታችኛው ፋሻ ቀስ በቀስ በከሰል ይደፈናል፣ ከቦታው ይጣበቃል፣ ያልተጠረገው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። ሁሉም መኪና ላይ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ዘይቷ በሰዓቱ ሲቀየር የኖረች ብዙ ጊዜ ደህና ናት።

ወጪውን ጠይቀሃል። ፋሻው ራሱ ውድ ዕቃ አይደለም። ውዱ እሱ ጋ መድረሱ ነው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይነሳል፣ ከታች ካርተሩ (የዘይት መያዣው) ይወርዳል፣ ፒስተኖቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ የተነካው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሁሉ በአዲስ ይተካል፤ የምትከፍለው ለቀናት የመካኒክ ጉልበት ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ከማስፈታት ይልቅ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ የሚያስገባው። እኔ ግን አልወደውም፣ የሚገባውም ሞተር ያው ዓይነት ነው፣ ያንኑ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። “ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) ተለክቷል፣ ምንም የለባትም” ቢሉህ በዚያ ብቻ አትርካ። ኮምፕሬሽን የሚይዙት የላይኞቹ ፋሻዎች ናቸው። የታችኛው ተደፍኖም ልኬቱ ቆንጆ ሊወጣ ይችላል። ይልቅ አራቱንም ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) አስፈትተህ ጫፋቸውን እያቸው። ደረቅና ፈዛዛ ቡናማ ከሆኑ ጥሩ ነው። ጥቁርና ቅባት የያዘ ካየህ፣ ወይም ነጭ አመድ ተጋግሮባቸው ካገኘህ፣ ዘይት እየተቃጠለ ነው።

ሌሊት ነጂ፦
እኔ የደረሰብኝን ልንገርህ። መኪናዋ ካምሪ አልነበረችም፣ ሌላ ሴዳን ነች፣ ግን ችግሩ አንድ ነው። ስገዛት ዘይቷ አዲስ ነበር፣ ወርቅ የመሰለ። እኔም ዘይት የሚታየው ሲቀየር ብቻ ይመስለኝ ነበርና ለወራት ኮፈኑን ከፍቼ አላየሁም። አንድ ማታ ዳገት ላይ ስታጠፍ የዘይቱ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ስገባ የለም። ሽቦ ነው ብዬ ነዳሁ። ትንሽ ቆይቶ ከሞተሩ ኳ ኳ የሚል ድምፅ መጣ፣ ነዳጅ ስሰጣት ይብሳል፣ ስለቅላት ቀነስ ይላል። ቆሜ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዝኩት። ጠርጌ መልሼ ከተትኩት፣ ደግሜ አወጣሁት። ጫፉ ላይ ጠብታ እንኳ አልነበረም።

ያ መብራት ዘይት አነሰ ብሎ አይበራም። የሚበራው ግፊቱ ሲወርድ ነው፣ ያኔ ደግሞ ኩሽኔታዎቹ (ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዙት) መበላት ጀምረዋል። እኔ ለጥቂት ሊትር ዘይት ስል ሙሉ ሞተር ከፈልኩ። አንተ የምታያት መኪና ከነማጣሪያው 4.3 ሊትር ገደማ ነው የምትይዘው፤ ሁለት ሊትር ጎደለባት ማለት ግማሿን አጣች ማለት ነው። ስለዚህ ገዛሃት እንበል፣ ቤንዚን በሞላህ ቁጥር ዘንጉን ምዘዝ። ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ።

ሰፊ መንገድ፦
ሌሎቹን እኔ ልጨምር፣ አብዛኛው አያስፈራም። ፍሬን ሸራ፣ የፊት እግር ማያያዣ ላስቲኮች፣ የስታብላይዘር ዘንጎች፣ የዲናሞ ቺንጋ፣ እነዚህ በዚህ ኪሎ ሜትር የሚጠበቁ ናቸው፣ ዕቃቸውም በሽ ነው። የውሃ ፓምፑን እየው፣ ዙሪያው ሮዝ ቅርፊት ከያዘ ማፍሰስ ጀምሯል። ታይሚንጉ በሰንሰለት ስለሆነ የታይሚንግ ቺንጋ ቅየራ ወጪ የለብህም። ዳሽቦርዱ ፀሐይ ሲመታው የሚለሰልስና እጅ ላይ የሚጣበቅ አለ፤ ለዓይን ያስጠላል እንጂ መንገድ አያስቀርህም። የሾፌሩ በኩል የመስኮት ማብሪያው ግን ሌላ ነገር ነው። ቶዮታ በፈረንጅ 2012 ከ7 ሚሊዮን በላይ መኪና ለጥገና መልሶ የጠራው በሱ ምክንያት ነው፣ ሊግልና ሊቃጠል ይችላል፤ ስለዚህ ከበደኝ ብለህ ቅባት እንዳትረጭበት።

ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) መኪናዋ ቆማ ፈትሽ። ፍሬን ይዘህ ከፒ ወደ ዲ፣ ከዲ ወደ አር አስገባ። ዘግይታ ነቅነቅ ብላ የምትገባ ከሆነ ተዋት። ካምቢዮ ማስፈታት ከሞተር አይተናነስም።

ሐሳብህ ወደ ቪ6 (ባለ 6 ሲሊንደሩ ሞተር) እንዳይሄድ ደግሞ፦ በነዚያ ዓመታት ቪ6 ላይ አንድ የዘይት ቱቦ መሃሉ ጎማ ነበር። ሲፈነዳ ዘይቱን በደቂቃዎች ይተፋዋል። ሙሉ ብረት የሆነው ቱቦ ርካሽ ነው፣ ያልቀየረው ሰው ግን ሞተር ይቀይራል። ካንዴላ ለመቀየር እንኳ የኋለኞቹ ሦስቱ ጋ ለመድረስ ላዩን መፍታት ግድ ነው።

አዲስ ገዢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የዘንጉን ነገር አልረሳውም። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ትንሽ ብትበላና ባለቤቱ ዋጋ ቢቀንስልኝስ?

ካንዴላ፦
መጠኑ ይወስነዋል። በ2,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ገደማ፣ ቶዮታ ለዋስትናው መስመር ያሰመረው እዚያ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ እየጨመርክ ትነዳታለህ፣ የዘይቱን ወጪ ከዋጋው ላይ ታስቀንሳለህ። በ1,000 ኪሎ ሜትር ሊትር የምትጨርስ ከሆነ ግን በምንም ዋጋ አትንካት፤ የሚቃጠለው ዘይት ካታሊቲክ ኮንቨርተሩንም (ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ) ይደፍነዋል፣ እሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። የአንተ ኪስ ይህን አይችልም ብለሃል እኮ።

ባለቤቱ ይህን ያህል አይነግርህም፣ ላያውቅም ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ሂድ፣ መኪናዋ ሳትነሳ። ስትነሳ ከኋላ ቆሞ ጭሱን የሚያይ ሰው ይኑርህ፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው። ከዚያ ረጅም ቁልቁለት እግርህን ከነዳጅ አንስተህ ውረድ፣ ታች ስትደርስ ረገጥ አድርግና በመስታወት ወደ ኋላ እይ። ጠዋት እንደደረስክ ደግሞ ከሰላምታው ቀጥሎ እጅህን ኮፈኑ ላይ አሳርፍ። ሞቅ ካለ አስቀድሞ አስነስቷታል ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ሳትነግረው ሂድ።