ክርክር፦ «ሕፃን ባለበት ግቢ ድመት አይኖርም» ተብሎ ስለተወሰነብን (ጅማ፤ ተከራካሪዎቹ የተጠሩት በከተማዋ ሠፈሮች ስም ነው)

የሂርማታዋ እናት፦
ትናንት ማታ የግቢያችን ተከራዮች ተሰብስበው «ሕፃን ባለበት ግቢ ድመት አይኖርም» ብለው ወሰኑ። ድመቴን እስከ እሑድ እንዳስወጣ ተነግሮኛል። ምክንያቱ የጎረቤቴ የአምስት ወር ልጅ ሽፍታ ስለወጣበት ነው። ልጁን ያየው ሐኪም የለም። አንድ መድኃኒት ሻጭ ፎቶውን በስልክ አይቶ «የድመት ጠጉር ነው» ስላለ ብቻ ተፈረደብን። ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ሙሉ ቡና በጆንያ ተከምሯል። ድመቷ ሳትመጣ በፊት ዓይጥ የልጄን ጣት በተኛችበት ነክሷል። ያን ሌሊት ይዤአት ስሮጥ ያየኝ ሁሉ ትናንት ስብሰባው ላይ ነበር፣ አንድም ሰው አላነሳውም።

የአጂፑ አባት፦
እህቴ አዝናለሁ፣ ግን ድመት ይተካል፣ ልጅ አይተካም። የኔ ልጅ ወራት ሙሉ ሲያሳክከው አድሯል። እንዳይቧጭር እጁን ካልሲ አልብሰን ነበር የምናስተኛው። ድመቷን ገጠር ላክናት፣ በሦስተኛው ሳምንት ቆዳው ጠራ። ያየሁትን ነው የምናገረው።

ነርሷ፣ ኪቶ፦
ወንድሜ፣ የልጅህ ስቃይ ይገባኛል። ነገር ግን አለርጂ የሚያስነሳው ጠጉሩ ራሱ አይደለም። ከድመት ምራቅና ከቆዳዋ ዕጢ የሚወጣ ፌል ዲ 1 የሚባል ፕሮቲን ነው። ስትልስ ጠጉሯ ላይ ይደርቅና በጣም ደቆ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ፍራሽና ምንጣፍ ውስጥ ይገባል። ድመቷ ከወጣች በኋላ እንኳ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ በሦስት ሳምንት ጠራ ስትል ሌላ ነገር መጠየቅ አለብኝ። በዚያው ሰሞን ሌላ ምን ለወጣችሁ?

የአጂፑ አባት፦
ሐኪም ያዘዘውን ቅባት ጀምረን ነበር። የልብስ ሳሙናውንም ለውጠናል። ቢሆንም ድመቷ ወጥታለች፣ ልጄ ድኗል። ይሄን ማንም አይወስድብኝም።

መንደራ ሠፈር፦
እንግዲህ ሦስት ነገር አንድ ላይ ለውጠህ አንዷን ድመት ለምን ትከሳለህ?

የሂርማታዋ እናት፦
«ድመት ይተካል፣ ልጅ አይተካም» አልከኝ። ይህችን ቃል ትናንትም ሦስት ሰው ደጋግሞ ነገረኝ። ልጅ ይተካል ያለ ማነው? እኔም ልጅ አለችኝ፣ ዓይጥ የነከሳት። ይህ አባባል አፍ ለማስያዝ ካልሆነ በቀር ለልጁ ሽፍታ ምን ይጠቅመዋል?

የአጂፑ አባት፦
አፍ ለማስያዝ አልተናገርኩም። በሁለት ጉዳት መካከል ስትገቢ ለልጁ ታደያለሽ ማለቴ ነው።

የሂርማታዋ እናት፦
የትኛው ልጅ?

ጡረተኛ መምህር፣ ጅሬን፦
እኛ ከከብትና ከድመት ጋር አንድ ቤት አድረን ነው ያደግነው። እኤአ በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እዚሁ ጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የተሠራ ነው። አስም ከገጠሩ ይልቅ ከተማው ላይ በዝቶ ተገኝቷል። የራሳችንን አገር ጥናት ትተን በስልክ ፎቶ መፍረድ ያሳዝናል።

ነርሷ፣ ኪቶ፦
ጋሼ፣ ስለ ጥናቱ ልክ ነዎት፣ ግን እሱ የአስምና የደረት ነገር ነው፣ የሕፃን ቆዳ አይደለም። ከእንስሳ ጋር ማደግ ይከላከላል ወይስ ይጎዳል በሚለው ላይም ጥናቶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ለድመቷ ጥብቅና እንዲሆን አይጥቀሱት እባክዎ።

ጡረተኛ መምህር፣ ጅሬን፦
ተቀብያለሁ ልጄ። ቢሆንም ሐኪም ሳያይ መፍረዱ ስህተት ነው፣ ከዚያ አልወርድም።

የመርካቶ ነጋዴ፦
እኔ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሰው በሚኖርበት ግቢ ቡና የሚያከማቸው ማነው? ጆንያው ይውጣ፣ ዓይጡም ይሄዳል፣ ድመትም አያስፈልግም።

መንደራ ሠፈር፦
ቡናው የአከራዩ ነው። ስብሰባውን የጠራውም እሱ ነው። ጆንያው ይውጣ ብሎ የሚናገር ተከራይ በማግስቱ ቤት ፍለጋ ይወጣል።

የመርካቶ ነጋዴ፦
ታዲያ ዝም እየተባለ እስከ መቼ? ድመት ላይ የሚበረታ ሰው አከራይ ላይም ይበርታ።

ነርሷ፣ ኪቶ፦
ስለ ቡናው ተከራከሩ፣ እኔ ግን ወደ ልጁ ልመለስ። ከአንድ ዓመት በታች የሚታይ ሽፍታ ብዙ ዓይነት ነው። ችፌ ሲሆን በዚህ ዕድሜ በብዛት ጉንጭ፣ ራስና የክንድና የእግር ውጭ በኩል ይወጣል፤ እናት ወይም አባት አስም ወይም ችፌ ካለባቸው ይበልጣል። የአንገትና የብብት እጥፋት ላይ ጥቃቅን ሆኖ ከወጣ ልጁን ከመጠን በላይ ጠቅልላችሁት ሊሆን ይችላል። ቁንጫ ሲሆን ተሰብስቦ እብጥ እብጥ ይላል። የድመት ቁንጫ ሰውም ይነክሳል፣ ስለዚህ ድመቷን ከቁንጫ ማጽዳት ያስፈልጋል፣ ይህን ለባለቤቷም እላለሁ። በዚህ ዕድሜ ችፌን የሚያባብስ አለርጂ ሲኖር ደግሞ ከድመት ይልቅ የእንቁላልና የላም ወተት ይበዛል። ጭንቅ የሚለኝ ቅባቱ ነው። ክሎቤታሶልን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ ያለ ትእዛዝ ገዝተው የሕፃን ፊት ላይ የሚቀቡ እናቶች አያለሁ። ለጊዜው ያጠፋዋል፣ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ሲቆም ብሶ ይመለሳል።

የልጁ እናት፦
ይህን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ልጁ የኔ ነው። ስብሰባውን እኔ አልጠራሁም፣ ድመቷም ትውጣ አላልኩም። ፎቶውን ለመድኃኒት ሻጩ የላከው ባለቤቴ ነው። የሰጠንን ቅባት ስምንት ቀን ቀባሁት፣ ቀለል ብሎ ነበር፣ አሁን መዳፉና የውስጥ እግሩ ላይም ወጥቶበታል። ሌሊት አይተኛም፣ እኔም አልተኛሁም። ለምን ሐኪም ቤት አልወሰድሽውም የምትሉኝ፣ ሥራ ቀርቼ የሚተካኝ የለም።

የሂርማታዋ እናት፦
ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ። ቀድሜ በርሽን ማንኳኳት ነበረብኝ።

ነርሷ፣ ኪቶ፦
መዳፉና የውስጥ እግሩ? እናንተስ ሌሊት ያሳክካችኋል? በጣቶቻችሁ መሃል?

የልጁ እናት፦
እኔን አዎ። ባለቤቴንም ወገቡ ላይ።

ነርሷ፣ ኪቶ፦
እኔም በስልክ አልፈርድም። እከክ ሊሆን ይችላል፣ ከሆነ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ነው የሚታከመው። ነገ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ የቀባሽውንም ቅባት ይዘሽ ሂጂ። ትኩሳት ከያዘው፣ ቢጫ ቅርፊት ካወጣ ወይም መጥባት እምቢ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ሂጂ፣ ሌሊትም ቢሆን።

የሂርማታዋ እናት፦
ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ። የሥራሽን ነገር ጠዋት እንነጋገርበት።

የአጂፑ አባት፦
ልጁን እግዜር ይማረው። እኔ ግን አቋሜ አልተለወጠም፦ እስኪረጋገጥ ድመቷ ትውጣ።

የሂርማታዋ እናት፦
እኔም እስኪረጋገጥ ትቆይ ነው የምለው። ዛሬ ሌሊትም ዓይጡ ጣሪያው ላይ ሲሮጥ ሰምቻለሁ።

መንደራ ሠፈር፦
እሑድ አራት ቀን ነው የቀረው። አከራዩን ማን ያናግረው?