ባንኮክ ውስጥ የጾም ምግብ የት ላግኝ?

ባንኮክን የምታውቁ ወገኖች እባካችሁ እርዱኝ። ለሥራ መጥቼ ጾም ላይ ነኝ፤ የሆቴሉ ነጭ ሩዝና ሰላጣ ደግሞ አንገፍግፎኛል። ከተማው ሁሉ መንገድ ዳር እያበሰለ ዝም ብሎ ማለፍ ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

የቸገረኝ እዚህ ምግብ ላይ እንደ ጨው የሚጨምሩት የዓሣ መረቅ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወውና፣ እኔ አልበላም። ክሎንግ ቶይ ገበያ ውስጥ አንዲት እናት ጥሬ ፓፓያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከኦቾሎኒ ጋር በሙቀጫ ሲወቅጡ ቆሜ አየሁ። ሎሚ ሲጨምቁበት ምራቄን ዋጥኩ። ወዲያው ደረቅ ሽሪምፕ በተኑበት፤ መረቁንም አንቆረቆሩበት። በእጄ ምልክት «ይቅርብኝ» ብላቸው ቃሪያውን ቀነሱልኝ!

ቢጫ ሰሌዳ ላይ በቀይ «เจ» (ጄ) ተብሎ የተጻፈበት ቤት ሥጋም ዓሣም እንደማያስገባ አውቃለሁ። ነገር ግን ምልክቱ በየመንገዱ የሚሞላው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ገደማ በሚውለው የ9 ቀን የአትክልት ምግብ በዓል ነው፤ አሁን ፈልጌ ላገኘው አልቻልኩም።

ቅዳሜ ቻቱቻክ ገበያ ልሄድ አስቤአለሁ። እዚያ ወይም አጠገቡ ባለው ኦር ቶር ኮር ገበያ የጾም ምግብ የሚሸጥበትን ቦታ የሚጠቁመኝ አለ? ከ9 ሰዓት በፊት ስለማልበላ፣ የቻይናውያን ሰፈር የሆነው የያዋራት የማታ ገበያ ቢሆን ይበልጥ ይመቸኛል። ታይኛ የምትጽፉ ካላችሁ ደግሞ «ዓሣ፣ ሽሪምፕ፣ እንቁላልና የዓሣ መረቅ አይግባበት» የሚል ጽሑፍ ብትልኩልኝ አትሜ ለሻጮቹ አሳያለሁ። ቃሪያው ግን እንዳይቀነስ።