የአያቴ ሐውልት ላይ ምን ይጻፍ?

ጥያቄ — ከቾቄ ሥር

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

አያቴ፣ አባባ ነበር የምንላቸው፣ አምና በ92 ዓመታቸው ዐረፉ። በጃንሆይ ጊዜ የሕዝብ እንደራሴ ነበሩ። በ1957ቱ ምርጫ ከቢቸና በኩል ተመርጠው አራት ዓመት አዲስ አበባ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ከመንደራቸው ንቅንቅ አላሉም። ሲያርሱም፣ ሲያስታርቁም፣ እግራቸው ሲደክም ደግሞ በር ላይ ተቀምጠው ጥጃ ሲጠብቁም አይቻቸዋለሁ። ሙት ዓመታቸው ከጥምቀት በኋላ ነው። ሐውልቱ ለዚያ መድረስ አለበት። ጽሑፉ ላይ ግን መስማማት አቃተን።

ትልቁ አጎቴ «ክቡር ግራዝማች» ብሎ ይጀምር ባይ ነው። እብነ በረድ ይሁን፣ ፎቶም ይኑረው ይላል። አክስቴ ፎቶውን አትወደውም፤ ስማቸውና የክርስትና ስማቸው ይበቃል ትላለች። ሦስተኛው ወገን እኔ ነኝ። ብቻዬን ነኝ፤ ታናሽም ነኝ። ማን ይሰማኛል?

ነገሩ እንዲህ ነው። አርባቸው ከወጣ በኋላ ሳጥናቸውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከጎታው ጀርባ የነበረ የእንጨት ሳጥን ነው። ከላይ የክት ጋቢያቸው፣ ከሥሩ የቆዳ ቦርሳ። የቦርሳውን አንድ ጥግ አይጥ በልቶታል። ስከፍተው ጭስ ጭስ ይሸታል። ውስጡ ወረቀት ብቻ። ሁሉም አቤቱታ ነው። ተቀምጬ ቆጠርኩት፤ 63። አንዳንዱ ጥሩ የቁም ጽሕፈት ነው፤ ደብተራ የጻፈው ይመስለኛል። አንዳንዱ ከተማሪ ደብተር የተገነጠለ። ከግርጌው ፊርማ ያለው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ሐምራዊ የጣት አሻራ ነው።

አንዲት ሴት ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድሞች ከርስቱ እንዳስወጧት ትናገራለች። አንድ ቄስ ክረምት ወንዙ ሲሞላ አስከሬን ማሻገር አልቻልንምና ድልድይ ይሠራልን ይላሉ። አንዱ ደግሞ ደጀን ገበያ ላይ በቅሎ ጠፍታበት እንደራሴው እንዲፈልጉለት ነው የጻፈ። ሳቅኩ። በኋላ ግን ወረቀቱን ገለበጥኩት።

የእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ ላይ አባባ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ሁለት ቃል አስፍረዋል። «ተናገርሁ። አልሆነም።» «ደብዳቤ ጻፍሁ። መልስ የለም።» «ሚኒስቴሩ ዘንድ ሦስት ቀን ቆምሁ።» «ሆነ።» የበቅሎው ላይ «ተገኘች» ይላል። የተሳካውን ለየሁት። በቅሎዋን ጨምሮ ዘጠኝ ነው።

እኔ ይኸው ይጻፍ አልኩ። 63 ሰው አመልክቷቸው ዘጠኙን አደረሱ፣ ይባል። አጎቴ «የአባቴን ሽንፈት በድንጋይ ልታስቀርጽ ነው?» ብሎ ከማዕድ ተነሣ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ባልጨምረው ደስ ባለኝ። የ1960ው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ የወጣው አባባ ምክር ቤት እያሉ ነው። ለቅሶው ላይ አንድ ሽማግሌ «እሱም እጁን አውጥቶብናል» ብለው ሲያንሾካሹኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባባን በሕይወት ሳሉ ስለዚያ ስጠይቃቸው ወሬ ይለውጡ ነበር። «ጥጃዋ ወጣች፣ መልሳት» ይሉኛል። ጥጃዋ ተኝታ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትጽፉ ነበር? ምክር ቤት የተናገሩትስ የት ይገኛል?

መልስ — ጡረተኛው መምህር

ነፍስ ይማር ልጄ። እኔ በ1960 ደብረ ማርቆስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርሁ። የዚያን ዓመት ወሬ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

አዋጁ ቁጥር 255 ነው። ወረቀቱ ላይ ግብሩ በእርሻ ገቢ ላይ ነው። ጎጃም ግን ሌላ ነገር ሰማ። ገቢ ሊገመት ሰው ሲላክ ባላገሩ «ቃላድ ሊጣል ነው» አለ፤ ቃላድ የመሬት መለኪያ ገመድ ነው። ቃላድ ከተጣለ ርስት ይለካል፤ ርስት ከተለካ የአባት አጥንት ያረፈበት መሬት የመንግሥት ይሆናል ብሎ ነው የፈራ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ጃንሆይም የቆየውን ውዝፍ ግብር ማሩ።

አሁን አያትህን በዚያ መሐል አስቀምጣቸው። በዚያን ጊዜ ፓርቲ የሚባል የለም። እንደራሴ ብቻውን ነው የሚመረጥ፤ ምክር ቤትም ብቻውን ነው የሚቆም። በላይ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አለ፤ አባላቱን የሚሾሙ ጃንሆይ ናቸው። ከዚያም በላይ ራሳቸው ጃንሆይ። ቢቃወሙ አዲስ አበባ ይቀየማቸዋል፤ ዝም ቢሉ ቢቸና አይምራቸውም። እጃቸውን አውጥተው እንደሆነ አላውቅም። ያንሾካሾኩት ሽማግሌም አዳራሹ ውስጥ አልነበሩ። ግን በ1961 እንደገና ተወዳድረው ነበር ወይ? እስቲ ቤተሰቡን ጠይቅ። መልሱ ብዙ ነገር ይነግርሃል።

ዘጠኝ ደግሞ አይናቅ። እኔ 38 ዓመት ሳስተምር ለትምህርት ቤታችን ሽንት ቤት አንድ ጊዜ ነው ያስፈቀድሁ።

መልስ — ደጀን በር

ነፍሳቸውን ይማር፤ እኔ ግን ትንሽ ላጎምዝዘው። ያኔ እንደራሴ ለመሆን ዕድሜ 25 መሙላት ብቻ አይበቃም። በተወዳደረበት አካባቢ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይላል። የእኔ አያት ሸማኔ ነበሩ። ርስት አልነበራቸውም። ሰው የሸመኑትን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ማዕድ ላይ ግን አብሯቸው አይቀመጥም። እሳቸው ማንን ይወክላሉ? ማንስ ይወክላቸዋል?

አያትህ ክፉ ነበሩ አላልኩም። ወረቀቱን ሁሉ መያዛቸው ራሱ ደግ ሰው እንደነበሩ ያሳያል። ግን አንድ ነገር ቁጠርልኝ። ከ63ቱ ውስጥ የሸማኔ፣ የቀጥቃጭ፣ የሸክላ ሠሪ አቤቱታ ስንት ነው? ቆጥረህ ንገረኝና ስለ ሐውልቱ እናወራለን።

መልስ — ስድስት ኪሎ

ስለ ሰነዱ እኔ ልንገርህ፤ ሥራዬ እዚያው አካባቢ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የምታገኘው የጸደቀውን ሕግ እንጂ ክርክሩን አይደለም። የዘመኑን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከፈለግህ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ሂድ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ጎራ በል። ጥራዙን በወር በወር ማገላበጥ ነው፤ ሌላ መላ የለውም። ዓይን ያደክማል። አቧራው ደግሞ አይጣል፤ ማስክ ያዝ።

ወረቀቶቹን በፌስታል እንዳታስቀምጥ። ያልባቸውና ሻጋታ ይበላቸዋል። በካኪ ፖስታ ለየብቻ አድርግና ደረቅ ቦታ አኑር። ፊትና ጀርባውን በስልክህ ፎቶ አንሣው፤ ጀርባውን አትርሳ። እባክህን ደግሞ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፍ! የዚያች ሴት የርስት ጉዳይ ልጅ ልጆቿ ዛሬም የሚካሰሱበት ሊሆን ይችላል። አያትህ 60 ዓመት ያልዘረገፉትን አንተ በአንድ ማታ አትዘርግፈው።

መልስ — እትዬ ከማርቆስ

ይቅርታ፣ እኔ ሰነድ ምናምን አላውቅም። አያትህ እኔ የማውቃቸው ሰው መሆናቸውን ግን አሁን ከጻፍከው ጠረጠርኩ። ለቅሶው ላይ ነበርኩ፤ በእናቴ በኩል እንዛመዳለን። ድንኳኑ ውስጥ አንዲት አልቃሽ ተነሥታ ያለችውን ታስታውሳለህ?

አገሩ ሲጠራው ብሎ እንደራሴ፣
እኔስ ማንን ልመን ዛሬ እንደ ራሴ።

ሴቱ ሁሉ ያኔ ነው የፈነዳው። «ግራዝማች» ያለ አልቃሽ እኔ አልሰማሁም። አንተስ?

መልስ — ከቾቄ ሥር (ጠያቂው)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዘገየሁት አገር ቤት ኔትወርክ ስለሌለ አክስቴን እስካገኛት ነው።

መምህር፣ ጠየቅኳት። በ1961 አልተወዳደሩም። የአገር ሽማግሌዎች ቤታቸው ድረስ መጥተው ለምነዋቸው ነበር አለችኝ። አባባ ጠላ አስቀድተው፣ አብልተው፣ አጠጥተው፣ ሲወጡ በሩ ላይ «ለዚህ ጊዜ አልሆንም» ብለው ሸኟቸው። ይኸው ነው። እጃቸውን አውጥተው ይሁን አይሁን እሷም አታውቅም። ስድስት ኪሎ፣ ያልከኝን ጋዜጣ ክረምት ላይ መጥቼ አገላብጣለሁ።

ደጀን በር፣ ያልከኝን ቆጠርኩ። ከሁለት ሌሊት በላይ ፈጀብኝ፤ ሁሉም ሙያውን አልጻፈማ። አንድ አገኘሁ። ሸማኔ ነው። ገበያ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ከለከሉኝ ይላል፤ አሻራው ግማሹ ጠፍቷል። ገለበጥኩት። «ገና» ይላል። ከ63ቱ «ገና» የተባለው እሱ ብቻ ነው። ምን ማለታቸው እንደሆነ እንጃ። ገና አልተናገርሁም ይሁን፣ ገና አልሆነም። አንድ ብቻ መሆኑ አንተ ያልከውን ነው የሚያሳየው፤ አልከራከርህም።

እትዬ፣ አስታወስኩት! እኔ በዚያ ሰዓት ድንኳኑ ጀርባ ወንበር እየቆጠርኩ ነበር፤ ድምፁን ሰምቼ ቃሉን አልያዝኩትም ነበር። ለአጎቴ በስልክ አነበብኩለት። ዝም አለ። ቆይቶ «እስቲ ድገመው» አለኝ።

ትናንት ሐውልት ሠሪው ዘንድ አብረን ሄድን። ሰውዬው የሚያስከፍለው በፊደል ነው። አጎቴ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። «ክቡር ግራዝማች» ስምንት። «የሕዝብ እንደራሴ» ዘጠኝ። አንድ ፊደል ይበልጣል። አጎቴ ኪሱ ገባና ቀብድ ከፈለ። የትኛውን እንደሆነ ለሠሪው በጆሮው ነው የነገረው፤ ለእኔ አልነገረኝም። ቀብዱን ግን ደረሰኙ ላይ አየሁት። የዘጠኝ ፊደል ነው።